ሰላምታው ሳያልቅ ክዳኑ አይከፈትም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጤናዬና ስለ አበሌ ነው። ጤናዬ ደህና ነው፤ አበሉም ለአንድ ጡረተኛ የሚሆነውን ያህል ነው። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። "ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ" ስል ሁሉም የባጃጅ ሞተር ይመስለዋል፤ አሶሳ ላይ ሞተር ሲባል መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው እሱ ነውና አልፈርድበትም። የእኔ ሞተር ነዳጅ አይጠጣም። ውሃ የሚገፋ፣ እህል የሚፈጭ፣ እብነ በረድ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱን በማስነሳት፣ በማቆምና ለምን እንደተቃጠለ በመመርመር ነው።

ሌላው ሰው የሥራ ዘመኑን በአለቆቹ ወይም በሠራባቸው ከተሞች ይከፍለዋል። የእኔ ለሁለት የተከፈለ ነው፦ ኡስጣ ኸሊፋ የሚያነጋግረኝ ዘመንና ኡስጣ ኸሊፋ የማያነጋግረኝ ዘመን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘመ። እንዴት እንደተጀመረና እንዴት እንዳለቀ ልናገር።

ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ ጎረምሳ ነበርኩ። መሬቱ ለም ነው ተባልን፤ እውነትም ለም ነበር። ስለ ወባው ግን የነገረን አልነበረም። አባቴን በመጀመሪያው ክረምት ቀበርን። እናቴ እርሻው ለብቻችን እንደማይሆን ስታውቅ ወደ ከተማ ገባን፤ እኔም ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ አቶ ታደለ ይባሉ ነበር፤ ሥራ የሚያመጡና ሒሳብ የሚዘጉ ሰው ነበሩ እንጂ መሣሪያ አይነኩም። ሥራውን የሚሠራው ኡስጣ ኸሊፋ ነበር።

ኡስጣ የሚለው ቃል የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፤ ከሱዳን ጋር የሚነግዱት የአካባቢው ሰዎች ከዐረብኛ የወሰዱት ነው። ኸሊፋ የበርታ ተወላጅ ነው። የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ መጠቅለልን የተማረው ሱዳን፣ ደማዚን ሄዶ ሲሆን፣ አማርኛን የተማረው ከእኛ ከሰፋሪዎች ጋር ሲሠራ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያውን በዘይት እንዳይነካ በሁለት ጣቱ ብቻ የሚያስተካክል ሰው ነበር።

የመጀመሪያ ቀኔን አስታውሳለሁ። የገበያ ቀን ነው። አንድ ባለ ወፍጮ የቆመበትን ሞተር በጋሪ ጭኖ እያላበው መጣ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ማሽላ የተሸከሙ ሴቶች ተሰልፈውበታል። "ኡስጣ፣ በአላህ ቶሎ በልልኝ" አለ። ኡስጣ እጁን አጥቦ መጣና ሰላምታ ጀመረ።

"ቤት ደህና ነው? ሚስት ደህና ነው? ልጆች ደህና ነው? አብዱ ደህና ነው? ሳኪና ደህና ነው? አባትህ ወገቡ ደህና ነው? ላም ደህና ነው? ዝናብ ደህና ነው?"

ሰውየው ለእያንዳንዱ "ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ መልሶ ያንኑ ከመጀመሪያው ጠየቀ። የበርታ ሰላምታ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በስም ይጠራል፤ የተጠየቀውም በተራው ይጠይቃል፤ አቋርጦ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። እኔ ጋሪው አጠገብ ቆሜ በልቤ ተናደድኩ። ሰዎች ተሰልፈው ስለ ላም ይወራል? ሰላምታው ሲያልቅ ኡስጣ ሞተሩን እንኳ ሳይከፍት "አንድ ጥቅል ተቃጥሏል፣ ኩሽኔታው ደህና ነው" አለ። ከፈትነው፤ እንዳለው ነበር።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እየጠየቀ አፍንጫው ሥራ ላይ ነበር። የተቃጠለ ቫርኒሽ አንድ ዓይነት ሽታ አለው፤ የነደደ ቅባት ሌላ። እጁን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጎ ነበር ሰላም የሚለው፤ ሙቀቱ ከየት በኩል እንደሚመጣ በመዳፉ ያነባል። ባለቤቱም እስኪረጋጋ ጊዜ ያገኛል፤ የተረጋጋ ሰው ደግሞ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ምን እንደሰማ ያስታውሳል። ለኡስጣ ሰላምታው ከሥራው በፊት የሚመጣ ነገር አልነበረም። ሥራው ራሱ እዚያ ውስጥ ይጀምር ነበር።

ሌላ ልማድ ነበረው። የትኛውንም ሰሌዳ ከመንካቱ በፊት ፊውዞቹን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ማብሪያውን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃውም፤ ማንም መጥቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ደማዚን አብሮት የሚሠራ ጓደኛው እጁ ሰሌዳው ውስጥ እያለ ሰው ማብሪያውን ከፍ አድርጎበት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ፊውዝ ሳይነቅል ነክቶ አያውቅም። ኪሱን መታ መታ ያደርግና "መብራት እዚህ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን ያነሳል።

የሞተርን ነገር ያስተማረኝ በሙቀጫ ነው። ውጪ ያለው ጥቅልል ሽቦ መሐል የሚሽከረከረውን ብረት አይነካውም። ታዲያ ማን አዞረው? ብሎ ጠየቀኝ። መብራት ነዋ አልኩ።

"መብራት አይደለም፣ ማግኔት ነው። መብራት በሦስት ሽቦ ይመጣል። ሦስት ሴት አንድ ሙቀጫ ይወቅጣል፣ አየህ? አንዱ ሲወርድ አንዱ ይነሳል፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው። ማግኔቱ እንደዚህ በተራ ይዞራል፣ ብረቱ ከኋላው ይሮጣል።"

"አንዷ ብትቀርስ?"

"ሁለቱ ይሠራል። ግን ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ወፍጮ የሚቃጠለው በዚህ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አይቻለሁ፤ የሦስት ፌዝን፣ የሦስቱን ሽቦ ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም። የወፍጮ ሞተር ተቃጥሎ ሲመጣ ዛሬም መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛዋ ሴት እንደቀረች ነው።

አቶ ታደለ ወዲያና ወዲህ ይልኩን ነበር። ግልገል በለስ ላይ የመስመር ሠራተኞች ትራንስፎርመር ጠግነው ሲሄዱ ሁለት ሽቦ አቀያይረው፣ የሰፈሩ ወፍጮዎች በሙሉ ወደ ኋላ መዞር ጀመሩ። ባለቤቶቹ ነገሩ የሰው ዓይን ነው ብለው ተጨንቀው ጠበቁን፤ ሁለቱን ሽቦ መልሰን ስናቀያይር አፍረው ሳቁ። ማንኩሽ ላይ ደግሞ አንድ የእብነ በረድ ቆራጭ ከአቧራ ልጠብቀው ብሎ ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎት አገኘነው። በዚያ ሙቀት! ኡስጣ ብርድ ልብሱን ገልጦ "ይሄ ወሎ አይደለም እኮ፣ አይበርደውም" አለና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። በእንዲህ ያለ ሥራ አብረን ብዙ ዓመት ዞርን። ከተማ ስንሆን ምሳውን እናቴ ቤት፣ ጓሮው ማንጎ ሥር ይበላ ነበር። እናቴ የበርታን ሰላምታ ከእሱ ተምራ፣ ስትመልስለት አንድም ስም አትስትም።

ከዚያ ድራይቭ መጣ።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሲኬድ ወደ ጎን የምትገባ አንዲት መንደር አለች። ከምንጭ የሚነሳው ውሃ በፓምፕ ኮረብታ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል። ሞተሩን የጠቀለለው፣ የማስነሻ ሰሌዳውንም ከብረት ቆርጦና በይዶ የሠራው ኡስጣ ነው፤ አረንጓዴ ቀብቶታል። ሞተሩ ሲነሳ መብራቱን የሚያገናኘው ኮንታክተር "ጧ" ይላል፤ ድምፁ መንደሩ ድረስ ይሰማል፤ ሴቶቹ "ኸሊፋ ጮኸ" ብለው ጀሪካን ያነሳሉ። ችግሩ ሞተሩ በአንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ መነሳቱ ነበር። ውሃው ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ሲቆምም ተመልሶ ይመታዋል። ቧንቧው በየጊዜው ይፈነዳ ነበር። በበጋ ሲፈነዳ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ።

አቶ ታደለ መፍትሔው ድራይቭ እንደሆነ ከሰው ሰሙና እኔን አዲስ አበባ ለሥልጠና ላኩኝ። ለምን ኡስጣን እንዳልላኩ አልጠየቅኩም። ትምህርቱ በጽሑፍ ስለሆነ ይመስለኛል።

ድራይቭ ማለት ባጭሩ ይህ ነው። የሞተር ፍጥነት የሚወሰነው መብራቱ በሰከንድ በሚመላለስበት ቁጥር ነው፤ ከመስመር የሚመጣው ምልልስ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፣ አይለወጥም። ድራይቩ ይህንን ተቀብሎ በሦስት ክፍል ያሳልፈዋል። የመጀመሪያው ክፍል ተመላላሹን ኃይል ወደ ቀጥታ ይለውጣል። ሁለተኛው ካፓሲተር ነው፤ ቀጥታውን ኃይል አጠራቅሞ ያረጋጋዋል። ሦስተኛው በጣም ፈጣን በሆኑ ትራንዚስተሮች እየቆራረጠ አዲስ ተመላላሽ ኃይል ይሠራል፤ ይህ አዲሱ እኛ በፈለግነው ፍጥነት የሚመላለስ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከዝግታ ተነስቶ ቀስ ብሎ ይፈጥናል። ቧንቧው ላይ ግፊት የሚለካ ዕቃ ይታሰራል፤ ድራይቩ እሱን እያየ ሞተሩን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ሞተሩ፣ ድራይቩ፣ ፓምፑና መለኪያው አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሠሩት። ሲያዩት ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሙያዬን እንደገና የወደድኩት ያኔ ነው።

ድራይቩ ሲተከል ኡስጣ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሄዶ ነበር። አቶ ታደለ ሥራው እንዲጠብቅ አልፈለጉም፤ አረንጓዴው ሰሌዳ ወርዶ ውጪ አንድ ማንጎ ሥር ተቀመጠ። ኡስጣ ከሠርጉ ሲመለስ በቀጥታ ወደ መንደሩ መጣ። ዶሮዎች ሰሌዳው ላይ ወጥተው ቆመዋል። ጥበቃውን ሰላም አለ። ሴቶቹን ሰላም አለ። ሕፃናቱን በስማቸው እየጠራ ሰላም አለ። እኔ ጋ ሲደርስ አልፎኝ ሄደ።

ለሌላ ሰው ይህ ተራ ኩርፊያ ነው። ላምህን እንኳ ሳይጠይቅ ከማያልፍ ሰው ሲመጣ ግን በሕዝብ ፊት የመጣ ፍርድ ነው። ሴቶቹም አዩ። ከመካከላቸው አንዷ ነገሩን ለመሸፈን ብላ ይመስለኛል፣ "ይሄ አዲሱማ አይጮህም፣ ውሃ መምጣቱን በምን እናውቃለን?" አለች። ኡስጣ "ይማምን ጠይቁ" እንኳ አላለም፤ ስሜን አልጠራም።

እናቴ ሂድና ለምነው አለችኝ። ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ሰላምታውን ጀመርኩ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን በስም ጠራሁ። ወደ ውስጥ ዞሮ "እንግዳ መጣ፣ ውሃ ስጡት" አለና ጓዳ ገባ። ውሃው በንጹሕ ብርጭቆ መጣልኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ።

እንዲህ ሆነን ሠራን። እሱ ሞተር ይጠቀልላል፣ እኔ ሰሌዳ እሠራለሁ፤ የግድ መነጋገር ሲኖርብን በሰው በኩል ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መልእክተኛችን ሆነ።

አንድ በጋ የመንደሩ ድራይቭ ቆመ። ኡስጣ ፓምፑን ስለሚያውቅ፣ እኔ ድራይቩን ስለማውቅ አቶ ታደለ ሁለታችንንም ላኩን። ሹፌሩ ሙሳ የሚባል የአሶሳ ልጅ ነው። መሐል ላይ ተቀምጬ ለሙሳ እንዲህ አልኩት፤

"ሙሳ፣ ድራይቭ ማለት መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል። እንደ ታንከር በለው፤ ቧንቧው ቢዘጋም ውስጡ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ አያልቅም። ክዳኑን ለመክፈት መጠበቅ ያስፈልጋል።"

ሙሳ "እሺ" አለ።

ኡስጣ በመስኮቱ ወደ መንገድ ዳሩ ቀርከሃ እያየ ተናገረ። "ሙሳ፣ እኔ መብራት ያወቅኩት አንዳንድ ሰው ጡት ሲጠባ ነው። ፊውዝ ኪስ ገባ፣ ኹላስ፣ አለቀ። መብራት የለም።"

"እንደ ድሮው ሰሌዳ አይደለም፣ ሙሳ።"

"ሙሳ፣ የድሮው ሰሌዳ ዶሮ ቤት ሆኗል። እሱን አታንሳብኝ።"

"ኧረ በአላህ ተዉኝ፣ እኔ መንገድ እያየሁ ነው!" አለ ሙሳ። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስቅ ነበር።

ስንደርስ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ኡስጣ ከመኪናው ወርዶ ማንንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ፓምፕ ቤቱ ገባ። በሕይወቱ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ አስቤበታለሁ። ሰላምታ ቢጀምር እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ወይ እኔንም ሰላም ማለት አለበት፣ ወይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደገና ሊዘለኝ ነው። ሁለቱንም አልፈለገም መሰለኝ። እኔ ቫልቩን ልዘጋ ወደ ምንጩ ወረድኩ።

የፍንዳታውን ድምፅ ከታች ሰማሁት። ሴቶቹ አንድ ጊዜ ጮኹ። ሮጬ ስደርስ ኡስጣ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ ካቻቢቴው ጫፉ ቀልጦ መሬት ላይ ነው። ፊውዞቹን ነቅሎ ኪሱ ከቶ ነበር። ክዳኑን አውልቆ ካቻቢቴውን ካፓሲተሩ ላይ ሲያሳርፍ የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ወጣ። ኃይል ገና እንዳለ የምታሳይ ትንሽ ቀይ መብራት ነበረች፤ በበሩ በሚገባው የቀትር ፀሐይ አትታይም።

መኪናው ውስጥ ቀኝ እጁን በእርጥብ ጨርቅ ይዤለት ነበር። አልከለከለኝም፤ አላናገረኝምም። አሶሳ ሆስፒታል ሕይወቱ ተረፈ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ የቀሩት አልታጠፉም። ቀጭን ሽቦ ዙር ሳይስት የሚጠቀልል እጅ ነበር። በአሶሳ ዙሪያ እንደዚያ ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፊውዞቹ ከኪሱ ጋር ሆስፒታል ስለገቡ መንደሩ ድራይቩ እስኪጠገንና ሌላ ፊውዝ እስኪሄድለት ያለ ውሃ ቆየ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ሰው ብዙ ተነጋገረበት፤ እኔ አልገባሁበትም። አዘንኩ፤ ያ ሐዘን ደግሞ አልወጣልኝም። ልጠይቀው ስሄድ "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ይል ነበር፣ እሱንም ወደ ጣሪያው እያየ። ሲሻለው ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። ጋራዡን ዳግመኛ አልረገጠም። እናቴ ስትሞት ለቅሶ ይመጣል ብዬ በር በሩን አየሁ። አልመጣም። ሰው ልኮ ስኳር ሰደደ፤ የሰደደው ሰው ግን ከማን እንደሆነ እንዲናገር አልተፈቀደለትም ነበር፣ እኔ ነኝ ያወጣጣሁት።

ሥራው ቀጠለ። ድራይቭ በየቦታው ገባ፤ ውሃው ላይ፣ ወፍጮው ላይ፣ እብነ በረዱ ላይ። አቶ ታደለ አርጅተው ጋራዡን ለልጃቸው አስረከቡ። ጫልቱ የምትባል ባለሙያ አብራኝ እንድትሠራ ተመደበች፤ የወለጋ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ባምባሲ ያደገች፣ እጇ ፈጣን ምላሷም ፈጣን። መጀመሪያ አብረን የወጣን ጊዜ ፊውዞቹን ነቅላ ኪሷ ከተተችና ወዲያው ክዳኑን ለመፍታት ካቻቢቴ አነሳች።

"ቆይ" አልኳት።

"ምን እንጠብቃለን? ጋሼ፣ ሰዎቹ ተሰልፈዋል እኮ።"

የሚጠብቁበትን ደቂቃ መመሪያው ይናገራል። የቆመ ሰው ግን ደቂቃውን አይጠብቅም፤ ይቸኩላል፣ ሰዎቹ ይጮሁበታል፣ የሆነ ያህል ይቆይና በቃ ይላል። ያኔ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "እናትሽ ደህና ናቸው?" አልኩ።

ግራ ገባት። "ናጋ፣ ደህና ናቸው።"

"አባትሽስ? ወንድሞችሽስ? ስማቸው ማን ማን ነው?"

እየሳቀች ነገረችኝ፤ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከዚያ "በተራሽ ጠይቂኝ" አልኳት። እሷም ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ የጓሮዬን ማንጎ ሁሉ ጠየቀች። ስንጨርስ ቀይዋ መብራት ጠፍታ ነበር። ከፍተን በቴስተር ለካን፤ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ በጋራዡ ደንብ ሆነ። ማንም ሰው ሰላምታው ሳያልቅ ክዳን አይከፍትም፤ ከሰላምታውም በኋላ ቴስተር ሳያሳርፍ እጅ አያስገባም። ባለጉዳዮች መጀመሪያ ይስቁብን ነበር፤ ኋላ አብረውን ሰላምታ ይለዋወጡ ጀመር። አንድም ሰው አልተጎዳብንም። ደንቡ ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰላምታው ከማን እንደሆነ ግን በርታ የሆነ ሰው ሁሉ ሰምቶ ያውቀዋል።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት እንዳለፈ ጫልቱ ደወለች።

"ጋሼ፣ ከኡስጣ ኸሊፋ መንደር ነኝ። የወፍጮው ድራይቭ ተበላሽቷል። ኡስጣ ራሳቸው በር ላይ ተቀምጠው አላስነካም አሉ።"

"ምን ብለው?"

"እኔና ረዳቴ ፊውዝ ነቅለን ሰላምታ ስንጀምር አዳመጡን። ከዚያ 'ይሄን ማን አስተማረህ?' አሉኝ። ይማም አልኳቸው። 'ፊውዙን መልስ። ይማም ይምጣ፣ ሌላ ሰው አይከፍትም' አሉ።"

ባጃጅ ተከራይቼ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ሴቶች ማሽላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ኡስጣ ኮፍያው ያው ነጭ ነው፤ እሱ ግን አንሷል። ቀኝ እጁን በጋቢው ሸፍኗል። አየኝና ተነሳ። ወደ ውስጥ ገባ፤ ተከተልኩት። ጫልቱም ገባች።

ሰሌዳውን በግራ እጁ ከፈተ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ በግራ እጅ ስለሆነ ያስቸግረዋል፣ ላግዘው ብዬ እጄን ስዘረጋ ትከሻውን አዞረብኝ። ኪሱ ከተታቸው። መታ መታ አደረገ። ከዚያ ድራይቩ ፊት ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ቀይዋ መብራት በርታለች። በጨለማው ወፍጮ ቤት ውስጥ በደንብ ትታያለች።

ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም። ጠበቅኩ። ፊውዝ ነቅሎ ዝም ብሎ ሊቆም ነው? ዝም ብሎ ሊያስጠብቀኝ፣ መብራቷ ስትጠፋ ክፈት ሊለኝና ሊወጣ ነው? እንዲያ ቢሆን ከዚህ በኋላ ሌላ ጊዜ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይማም" አለ።

"አቤት ኡስጣ።"

"ቤት ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ሚስት ደህና ነው? ልጆች ደህና ነው? አሕመድ ደህና ነው? ከድጃ ደህና ነው?" ልጆቼን ያወቃቸው ሕፃናት ሳሉ ነው። አሁን የልጅ አባትና እናት ሆነዋል። ለሁሉም ደህና አልኩ።

"እናትህ..." አለና ቆመ። ሞቷን ያውቃል፤ ስኳሩን የሰደደው እሱ ነው። በሰላምታው ሥርዓት ግን የእሷ ቦታ እዚያ ነበር፣ ዘልሎት ማለፍ አልሆነለትም። "እናትህ ስትሞት አልመጣሁም" አለ።

"አዎ ኡስጣ።"

ግራ እጁን ዘርግቶ፣ የተጎዳውንም ከጋቢው አውጥቶ አጠገቡ ይዞ ዱዓ አደረገላት። በር ላይ ያሉት ሴቶች "አሚን" አሉ። እጁን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። መልሶ አልሸፈነውም።

"ጠይብ፣ እሺ" አለ። "ጋራዥ ደህና ነው? ታደለ ጉልበቱ ደህና ነው? ሙሳ ደህና ነው? መኪናው ደህና ነው?"

ጫልቱ ከጎናችን ዝቅ ብላ ወደ ድራይቩ ተመለከተች። ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ቴስተሯን አነሳችና "ኡስጣ፣ መብራቷ ጠፍታለች፤ አሁን መክፈት ይቻላል" አለች።

ኡስጣ ወደ እሷ እንኳ አልዞረም።

"ሰብር፣ ቆይ" አለ። "ገና አልጨረስኩም።" ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ "የጓሮ ማንጎ ደህና ነው?" አለኝ።